በሰሜን ሸዋ ቤትን በአነስተኛ ወጪና በቤተሰብ ጉልበት ስለማደስ

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በእነዋሪ ወይም በደብረ ሲና የሚኖር፣ ቀኑን በሥራ የሚያሳልፍና ልጆች የሚያስተምር ቤተሰብ ቤቱን ለማደስ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገዛው ቀለም ነው። ቀለም ፈጥኖ የሚታይ ለውጥ ስለሚያመጣ ምርጫው የሚያስወቅስ አይደለም። ሆኖም ጣሪያው እያፈሰሰ፣ የግድግዳውም እግር ከመሬት እርጥበት እየሳበ የተቀባ ቀለም አንድ ክረምት ሳይሻገር አብጦ ይላጣል፤ የወጣበትም ገንዘብ አብሮት ይረግፋል። ስለዚህ አቅሙ ውስን የሆነ ቤተሰብ ገንዘቡንና ጉልበቱን በዚህ ቅደም ተከተል ቢያውል ይበጀዋል፦ በመጀመሪያ ውሃን ከቤቱ ማራቅ፣ ቀጥሎ ግድግዳውን መጠገን፣ ከዚያ መቀባት፣ በመጨረሻም የውስጡን ዕቃ ማስተካከል። ለቀለም የታሰበው ገንዘብ ለቆርቆሮ ሚስማርና ለአሸንዳ ውሎ ቅቡ ለሚቀጥለው ዓመት ቢተላለፍ እንኳ ቤቱ አተረፈ እንጂ አልከሰረም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አለ፤ እርሱም የተጀመረው ክፍል ተጠናቅቆ ዕቃው ወደ ቦታው ሳይመለስ ሌላ ክፍል አለመንካት ነው። ሁሉንም ክፍል በአንድ ጊዜ የከፈተ ቤተሰብ ምግብ የሚያበስልበት፣ ልጆቹ የሚያጠኑበትና የሚተኙበት ንጹሕ ቦታ ያጣል፤ በሳምንቱ መካከል ሥራ ሲበዛበትም እድሳቱ ለወራት ተንጠልጥሎ ይቀራል። አንድ ክፍል ብቻ ከተከፈተ ግን ምንም ያህል ጊዜ ቢወስድ የቀረው ቤት እንደ ወትሮው ያገለግላል። መጀመር ያለበትም በእኔ አስተያየት ከልጆች መኝታ ነው። ክፍሉ አብዛኛውን ጊዜ አነስተኛ ነው፤ እንግዳም አይገባበትም፤ የቤተሰቡ እጅ ብሩሽና መለሰኛ የሚለምደው እዚያ ይሁንና ሳሎኑ እጅ ከተፍታታ በኋላ ቢሠራ ውጤቱ ያምራል። ማእድ ቤት ከአንድ ቀን በላይ መዘጋት ስለሌለበት በሁለትና በሦስት ቁራጭ ተከፋፍሎ ይሠራል።

ጊዜውን ስለመምረጥ

ብዙ ቤተሰብ ቤቱን ለእንቁጣጣሽ ለማድረስ በነሐሴ ይጣደፋል። ምኞቱ የሚወደድ ቢሆንም በሰሜን ሸዋ ደጋ ነሐሴ ግድግዳ ውሃ የጠገበበት፣ ጉምም በቀላሉ የማይገፈፍበት ወር ነው። በዚህ ወር የተመረገ ጭቃ ውስጡ ሳይደርቅ ይሻግታል፤ የተቀባም ቀለም ከሥሩ ያለውን እርጥበት አፍኖ ይይዛል። ለበዓሉ ቤቱን ማጽዳት፣ መጋረጃ ማጠብና ዕቃ ማስተካከል ይበቃል፤ ምርጊትና ቀለም ግን ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ ባለው ደረቅ ጊዜ ቢሠሩ ይሻላል። ለገበሬ ቤተሰብ ኅዳርና ታኅሣሥ የአጨዳና የውቂያ ወራት ስለሆኑ ከሁሉ የሚስማማው ጥር ነው፤ በጥር ጭድ ከአውድማ ላይ በገፍ ይገኛል፣ ግድግዳውም በደንብ ደርቋል፣ ተማሪዎችም የመንፈቅ ዓመት ዕረፍታቸው በዚያው ሰሞን ነው። ከየካቲት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል የጣሪያና የውጭ ግድግዳ ሥራ ከዚያ ባያልፍ መልካም ነው።

ደረቁ ጊዜ የራሱ ችግር አለው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ሌሊቶች ውርጭ ይጥልባታል፤ የመንዝ ከፍተኛ ቦታዎችም ብርዳቸው ከባድ ነው። ርጥብ ጭቃም ሆነ ኖራ ሳይጠነክር ውርጭ ካገኘው በውስጡ ያለው ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ ስለሚሰፋ ፊቱ ይፈረፈራል። ፕላስቲክ ቀለምም ቅዝቃዜ ሲበዛበት ጥሩ ሽፋን አይሠራም። ስለዚህ ደጋ ላይ ግድግዳው ፀሐይ ካገኘ በኋላ ከረፋዱ 4 ሰዓት ግድም ጀምሮ ከቀትር በኋላ እስከ 8 ሰዓት ድረስ መሥራትና ከምሽቱ ቅዝቃዜ በፊት ለመድረቅ በቂ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል፤ የውጭ ምርጊትም ማታ ማታ በላስቲክ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ይሸፈን። በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ አካባቢ ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ፀሐይ ባጋለው ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ሳይያያዝ ስለሚደርቅ እዚያ ጥላን እየተከተሉ በጠዋትና ወደ ማምሻው መቀባት ይሻላል።

የቤተሰቡን ሳምንት በተመለከተ፣ እሑድና የበዓል ቀናት ለከባድ ሥራ እንደማይውሉ አስቀድሞ ታስቦ ቅዳሜ ከሰዓት በፊት ያለው ጊዜ ለዋናው ሥራ ይመደብ። በሥራ ቀን ማታ የምትገኘው አንድ ሰዓት ደግሞ ለዝግጅት ትውላለች፤ ሚስማር መንቀል፣ ዕቃ መለየት፣ የላላ ልስን መፋቅ፣ መጋረጃ መስፋት በዚያች ሰዓት የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። ዝግጅቱ በሳምንቱ ውስጥ ካለቀ ቅዳሜ ጠዋት በቀጥታ ወደ ምርጊቱ ወይም ወደ ቅቡ መግባት ይቻላል። ልጆችም ከሥራው ባይገለሉ ይመረጣል። ጭድ ማድቀቅ፣ አፈር መንፋት፣ መሣሪያ ማጠብ፣ የግድግዳውን የታችኛውን ክፍል በፕላስቲክ ቀለም መቀባት ይችላሉ፤ ራሳቸው የቀቡትንም ግድግዳ ሲጠነቀቁለት ይታያል። መሰላል፣ ኖራ፣ ዘይት ቀለምና የብርጭቆ ወረቀት ፍቀት ግን የአዋቂ ሥራ ብቻ ናቸው።

ወጪውን ስለመገመት

ከመግዛት በፊት በአንድ ደብተር ላይ የየክፍሉን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት መመዝገብ ብዙ ገንዘብ ያድናል። ለምሳሌ 4 ሜትር በ3 ሜትር የሆነና ቁመቱ 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል ዙሪያው 14 ሜትር ስለሆነ የግድግዳው ስፋት 35 ካሬ ሜትር ነው። በሩና መስኮቱ በድምሩ 3 ካሬ ሜትር ያህል ሲቀነሱ 32 ይቀራል፤ ሁለት ጊዜ ሲቀባ 64 ካሬ ሜትር ይሆናል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም በለሰለሰ ግድግዳ ላይ ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ስለሚሸፍን ለዚህ ክፍል ከ7 እስከ 8 ሊትር ይበቃል። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ ከዚህ የበለጠ ይጠጣል። ለአንድ ክፍል የሚሆነው ቀለም በአንድ ጊዜ ቢገዛና በጣሳዎቹ ላይ የተጻፈው የምርት ቁጥር አንድ መሆኑ ቢረጋገጥ ይመረጣል፤ በተለያየ ጊዜ የተመረተ አንድ ዓይነት ቀለም ግድግዳ ላይ ልዩነቱ ይታያልና።

ከጠቅላላው በጀት ቢያንስ ከአሥር አንዱን እጅ ሳይነኩ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አሮጌ ቤት ሲነካ ያልታሰበ ነገር ሳያሳይ አይቀርም። ዕቁብ ያለበት ቤተሰብ ዕጣው የሚወጣበትን ጊዜ ከደረቁ ወራት ጋር ቢያቀናጅ ብድር ውስጥ ሳይገባ ትልቁን ግዢ ይፈጽማል። መሰላል፣ ውሃ ልክ፣ ባሬላና መጋዝ በዓመት አንድ ጊዜ ለሚሠራ ሰው መግዛት አያስፈልግም፤ ከጎረቤት መዋስ ወይም ከአናጺ መከራየት ይቻላል። ብሩሽና ሮለር ላይ ግን መቆጠብ አይመከርም። ርካሽ ብሩሽ ፀጉሩን ግድግዳው ላይ እየተወ ሥራውን ያበላሻል፤ ጥሩ ብሩሽ በደንብ ከታጠበ ብዙ ክፍል ይቀባል።

ጣሪያና የግድግዳ እግር

ቆርቆሮ በቀን ሙቀት ይለጠጣል፣ በሌሊት ብርድ ይሰበሰባል። ይህ መለጠጥና መሰብሰብ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩን እያላላ ከሥሩ ያለውን ጎማ ያደክመዋል፤ ብዙው ፍሳሽም የሚመጣው ከዚያ ነው። በብሩህ ቀን አንድ ሰው ቤት ውስጥ ጨለማ አድርጎ ወደ ላይ ሲመለከት ብርሃን የሚያሳዩት ቀዳዳዎች በቀላሉ ይታያሉ፤ ከኮርኒስ በላይ ከሆነም የረጠበውን ምልክት ተከትሎ ማግኘት ይቻላል። የላላው ሚስማር በአዲስና ትንሽ ወፈር ባለ ባለ ጎማ ሚስማር ይተካል። ሚስማሩ ሁልጊዜ መመታት ያለበት በቆርቆሮው እብጠት ላይ ነው፤ ውሃ በሚወርድበት ጎድጓዳ ላይ የተመታ ሚስማር ጎማው ሲያረጅ ውሃውን በቀጥታ ወደ ቤት ያስገባል። ትናንሽ ቀዳዳዎች ዝገታቸው ተፍቆ፣ አቧራቸው ተጠርጎ በሲሊከን ወይም በሬንጅ በተነከረ የጨርቅ ቁራጭ ይደፈናሉ። ዝገት አንዱን ቅጠል ቆርቆሮ ከበላው ግን መደፈን ትርፍ የለውም፤ ያን ቅጠል ብቻ መለወጥ ይረክሳል። ጣሪያ ላይ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይውጣ፤ ጤዛ ባለበት ጠዋትም አይውጣ፤ እግሩን የሚያሳርፈውም ማገሩ ባለበት በሚስማሩ መስመር ላይ ይሁን።

ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ መሬት ሲመታ የሚረጨው ጭቃ የግድግዳውን እግር ቀስ በቀስ ይበላዋል። ለዚህ አሸንዳ ዋነኛው መፍትሔ ነው፤ ለሁሉም ጎን ካልተቻለ ዝናብ በሚበረታበት ጎንና በበሩ በላይ ብቻ ማድረግ ይቻላል። አሸንዳ ባይገዛ እንኳ ጠብታው በሚወድቅበት መስመር ላይ ጠጠርና ድንጋይ ማንጠፍ መረጨቱን ይቀንሳል፤ ድንጋይም በመንዝና በደብረ ብርሃን ዙሪያ የማይቸግር ነገር ነው። ከቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ወደ ውጭ እንዲያዘቅዝ ማስተካከልና ውሃውን በቦይ ማሳለፍ ጉልበት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ዓመታት ሲያልፉ የግቢ አፈርና ጥራጊ እየተከማቸ ከወለሉ በላይ የሚደርስባቸው ቤቶች አሉ፤ እንዲህ ያለው አፈር ተቆፍሮ መነሣት አለበት፤ እርሱ እያለ የውስጥ ግድግዳ አይደርቅም።

የጭቃ ግድግዳ

በዞኑ ከተሞችም ሆነ በገጠሩ ብዙው ቤት ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። የጭቃ ግድግዳ እንደ ድህነት ምልክት እየታየ በቸልታ መያዙ የሚያሳዝን ነው፤ በአግባቡ የተመረገ ጭቃ የደጋውን ብርድ ይመክታል፣ በእጅ ይጠገናል፣ ቁሳቁሱም ከአካባቢው ይገኛል። ገንዘብ ያገኘ ሰው በብዛት የሚፈጽመው ስሕተት ጭቃውን በሲሚንቶ ልስን መሸፈን ነው። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶ ግን ደረቅና ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም። በሁለቱ መካከል ክፍተት ይፈጠራል፤ በስንጥቁ የገባ ውሃም መውጫ አጥቶ ከውስጥ ያለውን ጭቃና እንጨት ያበሰብሳል። ውጪው ደህና እየመሰለ ውስጡ የተበላ ግድግዳ አንድ ቀን በትልልቅ ቁራጭ ይወርዳል። በአቅም ማነስ ሲሚንቶ ያልገዛ ቤተሰብ በዚህ ረገድ የቀረበት ነገር የለም።

ሥራው የሚጀመረው ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ በማንኳኳት ነው። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ምርጊቱ ከማገሩ የለቀቀ ስለሆነ ይነሣል፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ይቀራል። ማገሩና ቋሚው ሲገለጥ በምስጥ የተበላ መኖሩ ይታያል፤ የተበላ ማገር በቤተሰብ አቅም ይተካል፤ ቋሚ ከሆነ ግን አናጺ ሳይጠራ አይነካም፤ ጣሪያውን የተሸከመው እርሱ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው የአፈር ምርጫ ነው። በእነዋሪና በሞረትና ጅሩ ሜዳ የሚገኘው ጥቁር አፈር ክረምት አብጦ በጋ በሰፊው የሚሰነጠቅ በመሆኑ ብቻውን ለምርጊት አይሆንም፤ አሸዋና ብዙ ጭድ ይፈልጋል፤ ከተገኘ ደግሞ ቀይ አፈር ይቀላቀልበታል። የአፈሩን ጠባይ ለማወቅ በአንድ ሊትር ብልቃጥ ውስጥ አንድ ሦስተኛ ያህል አፈር፣ የቀረውን ውሃና ቁንጥር ጨው አድርጎ በደንብ መናጥና እስከ ማግስቱ ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ከሥር ይቀመጣል፣ ደቃቁ ይከተላል፣ የሚያጣብቀው ሸክላማ ክፍል በመጨረሻ ከላይ ይሰፍራል፤ ይህ የላይኛው ክፍል ከበዛ ምርጊቱ እንደሚሰነጠቅ ይታወቃል። ከዚህም የበለጠ የሚያስተማምነው በግድግዳው ላይ መሞከር ነው። አንድ እጅ አፈር ከአንድ እጅ፣ ከሁለት እጅና ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ለየብቻ ተቀላቅሎ መዳፍ በሚያህል ቦታ ጎን ለጎን ይለጠፍና እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ያልተሰነጠቀውና በጣት ሲፈተግ የማይረግፈው ድብልቅ ይመረጣል።

የተመረጠው አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተቦክቶ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ጊዜ ካለ ሁለት ሳምንት ይቆያል። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ውሃ እየተጨመረ ይረገጣል፤ እንዳይደርቅም በላስቲክ ይሸፈናል። ጭዱ እየበሰበሰ ሲሄድ ጭቃው የሚያጣብቅና በእጅ የሚታዘዝ ይሆናል። ሽታው ስለሚከብድ ጉድጓዱ ከመኝታ ቤት መስኮት ቢርቅ ይሻላል። የመጀመሪያው ምርጊት ግድግዳው አቧራው ተጠርጎ ውሃ ከተረጨበት በኋላ በ2 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ይመታል። እስኪደርቅ ሲጠበቅ ትንሽ ቢሰነጠቅ አያስደነግጥም፤ ሁለተኛው ስስ ምርጊት ስንጥቁን ይደፍነዋል። ለሁለተኛው አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ ጭዱ ይደቅቃል፤ ጥቂት እበት ቢጨመርበት ይበልጥ ይያያዛል፣ ፊቱም ይለሰልሳል።

ይህ ሥራ ሰው ይወድዳል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ለሳምንታት የሚጎተትበትን የመጀመሪያ ምርጊት ደቦ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል፤ በወንፈል ከሆነም ቤተሰቡ በሌላ ቅዳሜ የጎረቤቱን ግድግዳ በመመረግ ይመልሳል። ለደቦው የሚቀርበው እንጀራና ጠላ ወጪ መሆኑ ሳይረሳ በደብተሩ ውስጥ ይግባ። የጾም ቀን ቢመረጥ የድግሱ ወጪ በግልጽ ይቀንሳል።

ለጭቃ ግድግዳ ከሁሉ የሚስማማው ቀለም ኖራ ነው። ኖራ እርጥበትን አፍኖ አይዝም፤ ዋጋውም ከፋብሪካ ቀለም በብዙ ይቀንሳል። በከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው የኖራ ዱቄት እንደ ስስ ወተት እስኪሆን ድረስ በውሃ ይበጠበጥና ያድራል፤ በማግስቱ በጨርቅ ይጠለላል። በአንድ ባልዲ አንድ እፍኝ ጨው ቢጨመር የመያዝ ኃይሉን ያግዛል። ግድግዳው በትንሹ ርሶ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በስሱ ይቀባል፤ በየመካከሉ አንድ ቀን ይደርቃል። ርጥብ ኖራ ግድግዳውን የሸፈነ አይመስልም፤ ንጣቱ የሚወጣው ሲደርቅ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ወፍራም አድርጎ ስለሚቀባ ኖራው ተሰንጥቆ ይራገፋል። የተነፋ ቀይ አፈር በመጠኑ ቢገባበት ሞቅ ያለ መልክ ይሰጣል። ኖራ ቆዳንና ዓይንን ስለሚያቃጥል ጓንትና መነጽር የግድ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውሃ እያጠቡ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ቀድሞ ፕላስቲክ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ላይ ኖራ አይያዝም።

የብሎኬትና የሲሚንቶ ግድግዳ

እዚህ ሥራው አጠር ይላል። አዲስ የሲሚንቶ ልስን እስኪደርቅ 4 ሳምንት ያህል ሳይቀባ ይቆያል። የቆየ ግድግዳ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ስንጥቁ በመለሰኛ ጫፍ ትንሽ ከፈት ተደርጎ በስቱኮ ይሞላል፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ አቧራው በርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። የመጀመሪያው ቅብ በጣሳው ላይ በተጻፈው መጠን በውሃ ቀጥኖ፣ ሁለተኛው ወፈር ብሎ ይቀባል። ማዕዘኑና የኮርኒሱ ዳር አስቀድሞ በብሩሽ ይያዝና ሳይደርቅ መካከሉ በሮለር ይሞላል፤ ዳሩ ደርቆ ከተደረሰበት መስመሩ ይታያል። ትናንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ከወለል እስከ 1.2 ሜትር ያለው ክፍል በሚታጠብ ዘይት ቀለም፣ ከዚያ በላይ ያለው ፈካ ባለ ፕላስቲክ ቀለም ቢቀባ እጅና እርሳስ የሚያርፍበት ቦታ በጨርቅ ይጸዳል። ይህ ለሲሚንቶ ግድግዳ እንጂ ለጭቃ አይሆንም።

ስለ አሮጌ ዘይት ቀለም አጥብቄ የምናገረው አለ። በበርና በመስኮት ላይ ከቆየው ዘይት ቀለም ብዙው እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙም በተለይ የትናንሽ ልጆችን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚፈቀደው የእርሳስ መጠን በሕግ ከሚሊዮን ክፍል 90 ክፍል ተብሎ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን በቦታው አለ። ስለዚህ አሮጌ ዘይት ቀለም በደረቁ አይፋቅ። ውሃ እየረጩ መፋቅ፣ የተራገፈውን ሰብስቦ በላስቲክ ቋጥሮ ማስወገድ፣ ወለሉን በመጥረጊያ ሳይሆን በርጥብ ጨርቅ ማጽዳት፣ ልጆችንና ነፍሰ ጡር እናትን እስኪያልቅ ከክፍሉ ማራቅ ያስፈልጋል። ቀለሙ ካልተላጠ ሳይነካ በላዩ መቀባት ከሁሉ ይሻላል።

በደጋው የሚፈጸም ሌላ አደገኛ ልማድ የተቀባ ክፍል ቶሎ እንዲደርቅ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ነው። ከከሰል የሚወጣው ሽታና ቀለም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በተዘጋ ክፍል ሰው ይገድላል። ቀለም የሚያደርቀው የአየር መመላለስ ነው፤ ቀን በርና መስኮት ተከፍቶ ይዋል፣ ቤተሰቡም ያን ሌሊት በሌላ ክፍል ይደር።

ብርድና ወለል

ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ቤት ሙቀቱን በሙሉ ወደ ላይ ይለቃል፤ በቆላው ደግሞ የቆርቆሮው ግለት በቀጥታ ይወርዳል። ስለዚህ በደብረ ብርሃንም ሆነ በሸዋ ሮቢት ኮርኒስ ከቀለም ይልቅ የቤቱን ኑሮ ይለውጣል። ቺፕውድ መግዛት ካልተቻለ አቡጀዴ በቤት ተሰፍቶ በቀጭን እንጨት ክፈፍ ላይ ይወጠራል፤ ታጥቦ የደረቀ የማዳበሪያ ከረጢትም ከላይ እንደ ሁለተኛ ድርብ ያገለግላል። ሁለቱም በቀላሉ ስለሚነድዱ ማእድ ቤት ውስጥ አይደረጉ፤ ከአምፖልና ከኤሌክትሪክ ሽቦም ይራቁ። ከበሩ ሥር የሚገባውን ብርድ በጨርቅ የተሞላ ረጅም ከረጢት ያግደዋል። በሩ ላይ ማታ ማታ የሚዘረጋ የመንዝ ባና ደግሞ ከየትኛውም የገበያ መጋረጃ ይልቅ ይሞቃል።

በአፈር ወለል ላይ ፕላስቲክ ምንጣፍ በቀጥታ ማንጠፍ እርጥበቱን ከሥር ስለሚያፍነው ይሻግታል። ወለሉ በመጀመሪያ ተደልድሎ፣ ተደቅድቆ፣ በእበትና በአፈር ሁለት ጊዜ ተለቅልቆ በደንብ ይድረቅ፤ ምንጣፉም በየሳምንቱ እየተገለበጠ አየር ያግኝ። ሊሾ ለማስደረግ የሚያስችል ገንዘብ ሲገኝ ከሥሩ ድንጋይና ጠጠር እንዲነጠፍ ማስደረግ ተገቢ ነው።

የእንጨት ሥራና የመጨረሻው ማስተካከል

በደብረ ብርሃን ዙሪያ ባሕር ዛፍ በብዛትና በተመጣጣኝ ዋጋ ይገኛል። ለመደርደሪያና ለአግዳሚ የሚሆነው ልጡ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ተደርድሮ፣ በጥላ ለሳምንታት ሲደርቅ ነው፤ ፀሐይ ላይ በቶሎ የደረቀ ይሰነጠቃል፣ ርጥብ ሆኖ የተመታም ይጣመማል። የጥድ ጣውላ የሚያምር ቢሆንም ከየት እንደመጣ ሳይጠየቅ መግዛት ተገቢ አይደለም፤ ከወፍ ዋሻ ደን በሕገ ወጥ መንገድ የተቆረጠ እንጨት ቤት ማስጌጫ መሆን የለበትም። ያረጀ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይጣል በፊት የላላ እግሩ ይጥበቅ፣ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ ሁለት ጊዜ በስሱ ቫርኒሽ ይቀባ። ቫርኒሽና የዘይት ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅ ከእሳት ርቀው ደጅ ይሠራባቸው፤ የተነከሩበት ጨርቅም ተጠቅልሎ ሳይሆን ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ተጠቅልሎ ከተተወ ራሱን ሊያቀጣጥል ይችላል።

ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠቀምበት አንድ ነገር ቢሠራ የልጆች ማጥኛ ጥግ ይሁን። በመስኮት አጠገብ በግድግዳው ላይ የሚታጠፍ፣ 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጣውላ በሁለት ማጠፊያ ይያያዝ፤ ከላዩ አንድ መደርደሪያ ለደብተር ይበቃል። በቀኝ እጃቸው ለሚጽፉ ልጆች ብርሃኑ ከግራ ቢመጣ ጥላ አይጥልባቸውም። ጣውላው በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሆን ማያያዣው ቋሚውን አግኝቶ ይመታ፤ ጭቃ ላይ ብቻ የተመታ ሚስማር ክብደት አይችልም።

የኤሌክትሪክ መስመር፣ ሶኬትና የቆጣሪ ሥራ በምንም ምክንያት የቤተሰብ ሥራ አይሁን፤ ግድግዳ ከመታጠቡና ከመረጨቱ በፊትም መብራቱ ከቆጣሪው ይጥፋ። ክፍሉ ሲያልቅ የተረፈው ቀለም በትንሽ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ተገልብጦ፣ የክፍሉ ስም፣ የቀለሙ ቁጥርና የተቀባበት ወር ተጽፎበት ውርጭ በማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ፤ በግንቦት ጣሪያውና አሸንዳው ሲፈተሽ፣ በጥቅምትም ክረምቱ የነካው ቦታ ሲታይ ያለ አዲስ ግዢ ለመጠገኛ ይሆናል።